ከተቅማጥ ጀርም የተቀዳ የድርቀት መድኃኒት

ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በሁለት ቋንቋ ሳወራ ነው የምውለው። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ኮሌስትሮል ሲሆን ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቀኛል። የሆድ ድርቀት ሲሆን ግን ሁሉም ያንሾካሹካል። መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ ጠጋ ይላል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር…» ብሎ ዝም ይላል። ገብቶኛል።

አንዲት እናት (ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትንሽ ቀያይሬዋለሁ) እንደዚሁ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት አጥቦ አጥቦ ሊጨርሰኝ ነው፤ ተውኩት» አሉኝ። የታዘዘላቸው ሊንዜስ ነው። ሊንዜስ የንግድ ስሙ ነው፤ መድኃኒቱ ሊናክሎታይድ ይባላል። ለስንት ቀን ወሰዱት? ለአራት ቀን። መቼ ነበር የሚውጡት? ከቁርስ በኋላ። ቁርሱስ? «ምን ይሆናል፣ ፍርፍር በቅቤ ነዋ!» የተረፈውን ደግሞ ከነብልቃጡ ቦታ ይይዛል ብለው በፌስታል ቋጥረውታል፤ ደሴ ላለች እህታቸው በሰው ሊልኩት። እሷም ሆዷ እምቢ ብሏታል።

ይህች አጭር ወሬ ውስጥ አራት ስህተት አለ። በሳቸው ግን አልፈርድም። ብልቃጡን ሰጥቶ «በቀን አንድ» ከማለት ያለፈ ማንም ምንም አላስረዳቸውም። ደግሞም እኛ ስለ ሆድ መድኃኒት ያለን ሐሳብ ከኮሶ የመጣ ነው። አያቶቻችን በየሁለት ሦስት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ኮሶ ደግሞ የሚታወቀው ሆድን ጠርጎ በማውጣት ነው። ስለዚህ የሆድ መድኃኒት ሲባል በአንድ ቀን አጥቦ የሚጨርስ ነገር ይመስለናል። እነዚህ በሐኪም የሚታዘዙት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ግን ሥራቸው ሌላ ነው።

በመጀመሪያ ግን ድርቀት ስንል ምን ማለታችን ነው? በቀን አንዴ ያልወጣ ሁሉ ድርቀት አለበት ማለት አይደለም። በቀን ሦስቴ የሚወጣም፣ በሳምንት ሦስቴ የሚወጣም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሥር የሰደደ ድርቀት የሚሉት በሳምንት ከሦስት ጊዜ በታች መውጣት፣ ብዙ ማማጥ፣ እንደ ፍየል በጠጥ የደረቀና የተቆራረጠ ሰገራ፣ ወጥቶም «አላለቀም» የሚል ስሜት፣ ከእነዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ተደጋግመው ለወራት ሲቆዩ ነው። አይቢኤስ የሚባለው ደግሞ ዋና ምልክቱ ሕመም ነው። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሆድ ይታመማል፣ ሕመሙም ከመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወይ ሲወጡ ይሻላል፣ ወይ ይብሳል፣ ወይ ደግሞ ሰገራው መልኩና ብዛቱ ይቀየራል። እኔ ብስጩ አንጀት ነው የምለው። አንዳንዱ ብስጩ አንጀት ያደርቃል፣ አንዳንዱ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ያፈራርቃል። ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ቢደረግ ምንም አይታይም። ምንም ስላልታየ ብዙ ሰው «ሐሳብህ ነው»፣ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይሸኛል፤ ጭንቀት ያባብሰዋል እንጂ ሕመሙ እውነተኛ ነው። የአንጀቱ ነርቮች ሌላው ሰው የማይሰማውን ትንሽ ጋዝ፣ ትንሽ መወጠር፣ እንደ ቁርጠት አድርገው ነው ለአእምሮ የሚያቀርቡት።

አሁን ወደ ውሃው። ይህን ሳይረዱ መድኃኒቱን መረዳት አይቻልም።

በቀን 9 ሊትር ያህል ፈሳሽ ወደ አንጀታችን ይገባል። ከዚህ ውስጥ የበላነውና የጠጣነው 2 ሊትር ቢሆን ነው። ሌላውን የሚጨምረው ራሱ ሰውነታችን ነው፤ ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞት፣ የቆሽት ፈሳሽ፣ የአንጀቱ የራሱ ፈሳሽ። ከዚያ ትንሹ አንጀት አብዛኛውን መልሶ ይመጠዋል። ትልቁ አንጀት ጋ የሚደርሰው አንድ ሊትር ወይም አንድ ሊትር ተኩል ነው፣ እሱም ይመጠጥና በመጨረሻ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ውሃ አንዲት የሻይ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ሰገራው ትልቁ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ይመጠጣል፣ በተመጠጠ ቁጥር ይደርቃል፣ በደረቀ ቁጥር ደግሞ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። «ውሃ ጠጣ» የሚለው ምክር ብቻውን ብዙ ሰው ላይ የማይሠራውም ለዚህ ነው። የጠጣችሁት ተጨማሪ ውሃ በአብዛኛው ወደ ደም ገብቶ በሽንት ነው የሚወጣው። ውሃ ያጠረው ሰው ይጠቅመዋል፤ አዘውትሮ የሚጠጣው ሰው ግን ሌላ ሁለት ሊትር ቢጨምር ትርፉ ሽንት ቤት መመላለስ ነው፣ ያውም ለሌላኛው ጉዳይ።

ድሮም የነበሩት መድኃኒቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛዎቹ ውሃ ይዘው የሚሄዱ ናቸው። ሚራላክስ የሚባለው ዱቄት፣ በሳይንሱ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል፣ አንጀት የማይመጠው ነገር ስለሆነ የተበጠበጠበትን ውሃ አቅፎ እስከ ታች ይወርዳል። በቀን 17 ግራም ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ለተራ ድርቀት እኔ ራሴ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ላክቱሎዝም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ግን ስኳር ስለሆነ የአንጀት ባክቴሪያዎች ይበሉታልና ጋዝ ያመጣል። ሆዱ አስቀድሞ የተነፋ ሰው ላይ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሁለተኛዎቹ አንጀቱን ቀስቃሽ ናቸው፤ ቢሳኮዲልና ሴና። የትልቁን አንጀት ጡንቻ ነካክተው ያስነሡታል። ይሠራሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ ቁርጠት አላቸው። ብስጩ አንጀት ላለው ሰው የእነዚህ ሁሉ ችግር አንድ ነው። ሰገራውን ያወጡታል፣ ሕመሙን ግን አይነኩም።

የሊናክሎታይድ ታሪክ የሚጀምረው ከተቅማጥ ነው። ኢኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። ከኢኮላይ ዓይነቶች አንዱ መርዝ እየሠራ የሚያስቀምጥ ነው፤ እንግዳ አገር የሄደ መንገደኛን የሚይዘው ተቅማጥ፣ እኛም አገር ሕፃናትን የሚያሰቃየው ተቅማጥ፣ ብዙ ጊዜ የሱ ሥራ ነው። ተመራማሪዎች መርዙ እንዴት አድርጎ ነው ውሃ የሚያፈስሰው ብለው ሲያጠኑ ያገኙት ነገር ይገርማል። በአንጀታችን ግድግዳ ላይ፣ ምግቡ በሚያልፍበት በኩል፣ እያንዳንዱ ሴል መጥሪያ አለው። እንደ ግቢ በር መጥሪያ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ሰውነታችን ራሱ ይህን መጥሪያ ቀስ ብለው የሚነኩ ሆርሞኖች አሉት፤ በዚያም የአንጀቱን እርጥበት ይቆጣጠራል። ጀርሙ የዚያን ሆርሞን ቅጂ ሠርቷል፣ ግን ቀስ ብሎ አይነካም፤ ጣቱን መጥሪያው ላይ ጭኖ አይለቅም።

መጥሪያው ሲደወል ምን ይሆናል? ሴሉ ውስጥ መልእክት ይተላለፍና በሩ ይከፈታል፤ የጨው ቅንጣት የሆነው ክሎራይድ ወደ አንጀቱ ይወጣል። ቋንጣ የሠራ ሰው ቀጣዩን ያውቀዋል። ጨው በተነሰነሰበት ውሃ ይወጣል። ክሎራይዱን ተከትሎ ውሃው ወደ አንጀቱ ይፈስሳል፤ በዚያው ላይ ሴሉ ሶዲየም መምጠጡን ስለሚቀንስ የገባው ውሃ እዚያው ይቆያል። (በነገራችን ላይ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ የምናድንበት ኦአርኤስ፣ አገር ቤት «ለምለም» የምንለው፣ የሚሠራው በሌላ በር ነው። ጨውና ስኳር ተያይዘው የሚገቡበት መግቢያ አለ፣ ጀርሙ እሱን አይዘጋውም፣ ውሃውም በዚያ ተከትሎ ወደ ሰውነት ይመለሳል። አንዱ በጨው ውሃ ያስወጣል፣ ሌላው በጨው ውሃ ያስገባል።)

እንግዲህ ሳይንቲስቶቹ ያደረጉት መርዙን ገርተው ኪኒን ማድረግ ነው። 14 አሚኖ አሲድ ያላት አጭር ሰንሰለት ሠሩ፤ መጥሪያውን የምትደውል፣ ግን በልክ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 2012 እንደ ፈረንጆቹ ፈቀደው። ለተራው ሥር የሰደደ ድርቀት 145 ማይክሮግራም፣ ለአይቢኤስ 290 ማይክሮግራም፤ በኋላ ደግሞ የ72ቱ መጣ። አውሮፓ ያላችሁ ኮንስቴላ በሚል ስም ነው የምታገኙት። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ሆኖ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ከምንም አይቆጠርም። ለዚህ ነው የልብ ወይም የስኳር መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ብዙም የማይጣላው።

ሕመሙስ? እዚህ ላይ ነው ከሚራላክስ የሚለየው። መጥሪያው ሲደወል ሴሉ ውስጥ የሚፈጠረው መልእክተኛ ኬሚካል የተወሰነው በጀርባ በር ይወጣል፣ የሕመም ነርቮቹ ወዳሉበት። እዚያ ሲደርስ ነርቮቹን ያቀዘቅዛቸዋል። ይህንን ያዩት በእንስሳት ላይ ነው፣ ግን በሰዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም ሕመም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሁለቱ ግን እኩል አይመጡም። ሰገራው በመጀመሪያው ሳምንት ይለሰልሳል። ሕመሙ በሳምንታት ነው እየቀነሰ የሚሄደው፤ ሁለት ወር፣ አንዳንዱ ላይ ሦስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ለሕመም ብሎ ጀምሮ በአራተኛው ቀን ያቆመ ሰው መድኃኒቱን አልሞከረውም። ማለትም የቀመሰው ተቅማጡን ብቻ ነው።

ተቅማጡን አልደብቅም። በሙከራዎቹ 290ውን ከወሰዱት አይቢኤስ ያለባቸው ሰዎች ከመቶ 20 ያህሉን አስቀምጧቸዋል፤ ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው 3 ያህሉን። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ከጀርም የተማረ መድኃኒት ምን ይጠበቅበታል! ግን አወሳሰዱ ይወስናል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ፣ ከቀኑ የመጀመሪያ ምግብ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው የሚዋጠው። ቅባት የበዛበት ቁርስ አብሮት ሲገባ ተቅማጡ ይብሳል፤ የእማማ ፍርፍር በቅቤ ያደረገው ይህንኑ ነው። ኪኒን መዋጥ የሚያቅተው ሰው ካፕሱሉን ከፍቶ በአንድ ማንኪያ የተፈጨ ፖም ወይም በትንሽ ቀዝቃዛ ያልሆነ ውሃ መውሰድ ይችላል። አንድ ቀን ከረሳችሁ ዝለሉት፤ በማግስቱ ሁለት አትዋጡ። ተቅማጡ ከበረታ፣ ማዞር ከጀመረ፣ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ደውሉ፤ አንዳንዴ መጠኑን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ፌስታሉስ? ሊንዜስ እርጥበት ይጠላል። ብልቃጡ ውስጥ የምታዩት «አትብሉ» የሚል የተጻፈበት ነገር እርጥበት እንዲመጥ የተቀመጠ ነው፤ መጣል የለበትም። መድኃኒቱ ከመጣበት ብልቃጥ ወደ ሌላ አይገለበጥም፣ በየቀኑ የምትከፋፍሉበት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እንኳ። በፌስታል ተቋጥሮ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ቀን የከረመ ኪኒን ደሴ ሲደርስ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው ብዬ ነው ለሳቸው የነገርኳቸው። ትንሽ አጋንኛለሁ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እህትየዋ ናት። ሆዷ እምቢ ያላት ለምን እንደሆነ ማን ያውቃል? አገር ቤት አንጀት ሲዘጋ ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው። ሆድ ተነፍቶ፣ ሰገራም ጋዝም አልወጣ ብሎ፣ ማስመለስ ከተጨመረበት ያ ድርቀት አይደለም፤ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነገር ነው። በተዘጋ ቧንቧ ላይ ውሃ መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ የቤት ባለቤት ሁሉ ያውቃል። ለሕፃንም እንዳታስቡት። ከሁለት ዓመት በታች ፈጽሞ የተከለከለ ነው፣ ውሃው አልቆ ሊሞት ስለሚችል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ መድኃኒቱ ላይ በጥቁር ሣጥን ተከቦ ነው የተጻፈው።

ሊናክሎታይድ ብቻውን አይደለም። ትሩላንስ፣ ማለትም ፕሌካናታይድ፣ በ2017 የመጣ ወንድሙ ነው፤ ያንኑ መጥሪያ ይደውላል፣ ግን ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ቢዋጥ ግድ የለውም። ጠዋት ሰዓት ጠብቆ መዋጥ ለማይሆንለት ሰው ይቀላል። አሚቲዛ፣ ሉቢፕሮስቶን የሚባለው፣ ከሁሉም ቀድሞ በ2006 የተፈቀደ ነው። እሱም ክሎራይድ ያስወጣል፣ ግን በሌላ በር። ዋና ችግሩ ማቅለሽለሽ ስለሆነ የግድ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ልብ በሉ፣ ከሊንዜስ ተቃራኒ ነው! ጎረቤታችሁ «በባዶ ሆድ ነው» ካለቻችሁ መጀመሪያ የትኛውን እንደምትወስድ ጠይቋት። ኢብስሬላ፣ ወይም ቴናፓኖር፣ ደግሞ መጥሪያም አይደውልም፤ አንጀቱ ሶዲየም የሚመጥበትን መግቢያ ይዘጋና ጨውም ውሃም እዚያው እንዲቀር ያደርጋል።

ከውሃው ወገን ያልሆነው ፕሩካሎፕራይድ ነው። አውሮፓ በ2009 ፈቀደችው፣ አሜሪካ በ2018፣ ሞቴግሪቲ በሚል ስም። ሴሮቶኒን የሚባለው መልእክተኛ ኬሚካል ሲነሣ ብዙ ሰው አእምሮን ነው የሚያስበው፤ ግን ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶው ገደማ ያለው አንጀት ውስጥ ነው፣ አንጀት እንዲገፋ የሚያዝዘውም እሱ ነው። ፕሩካሎፕራይድ ያንን ትእዛዝ ያጠነክራል። ከሱ በፊት በዚሁ መንገድ የሚሠራ ቴጋሴሮድ የሚባል ነበር፤ በ2002 ተፈቅዶ በ2007 ከልብና ከደም ሥር አደጋ ጋር በተያያዘ ሥጋት ከገበያ ወጣ። አዲሱ የሚነካውን የሴሮቶኒን መቀበያ ይበልጥ መርጦ ስለሚነካ ያ ችግር አልታየበትም። ስሜቱ እየከፋ የሚሄድ፣ ክፉ ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ካለ ግን ቶሎ ለሐኪሙ ይንገር።

ለሚያስቀምጠው ዓይነት አይቢኤስ መድኃኒቶቹ ሌሎች ናቸው፤ ሪፋክሲሚን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለ14 ቀን ይሰጣል፣ ሎፔራማይድም አለ። ለሕመሙ ትንሽ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን የሚያዝ ሐኪም ካጋጠማችሁ «እብድ ነኝ ወይ» ብላችሁ አትቆጡ። የድብርት መድኃኒት ቢሆንም በዚህ መጠን የሚታዘዘው የአንጀቱን ነርቭ ለማረጋጋት ነው። ያደርቃል ግን።

ስለሚያደርቅ ነገር ካነሣን፣ አዲስ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁን ኪኒን ሁሉ አምጥታችሁ አሳዩን። ለደም ማነስ የሚሰጠው አይረን፣ የሕመም ማስታገሻዎቹ ትራማዶልና ኮዴይን፣ ካልሲየም፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ እነዚህ ሁሉ ያደርቃሉ። የታይሮይድ ማነስም ያደርቃል። አንዱን ኪኒን በመቀየር ብቻ የዳነ ሰው አይቻለሁ። ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ሳታስቡት ከቀነሳችሁ፣ ደም ማነስ ካለ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የሆዳችሁ ጠባይ በድንገት ከተቀየረ ደግሞ ፋርማሲ አትምጡ፤ መጀመሪያ ምርመራ።

ዋጋውን ሳልናገር አላልፍም። እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ኢንሹራንስ በወር በመቶዎች ዶላር ነው የሚቆጠሩት። ኢንሹራንሱም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እምቢ ይላል። ፕራየር ኦቶራይዜሽን የሚሉት ነገር አለ፤ ሐኪሙ «ርካሹን ሞክሮ አልሠራለትም» ብሎ እንዲጽፍ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሚራላክሱን ለስንት ሳምንት እንደወሰዳችሁ፣ ምን እንደሆናችሁ፣ ስልካችሁ ላይም ቢሆን ጻፉት። ሉቢፕሮስቶን በጄኔሪክ (ያለ ንግድ ስሙ በሚሸጠው ቅጂ) ስለሚገኝ ይረክሳል፤ ጠይቁ።

እማማ ተመልሰው መጡ። ሐኪማቸው መጠኑን ዝቅ አደረገላቸው፤ ጠዋት ሲነሡ ይውጡታል፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ሲጨርሱ ግማሽ ሰዓቱ ሞልቷል። ጥያቄያቸው ስለ ሁዳዴ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ኪኒኑን መቼ ይዋጡ? ትእዛዙ «ከቀኑ የመጀመሪያ ምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት» ስለሆነ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቢውጡትም ያስኬዳል፤ ዋናው በየቀኑ አንድ ሰዓት መያዙ ነው። ያስፈራኝ ውሃው ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት ውሃ እየሳበ፣ እሳቸው ቀኑን ውሃ ሳይቀምሱ ውለው፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውም ውሃ የሚያወጣ ዓይነት ሆኖ፣ ያን ቀን ተቅማጥ ቢጀምራቸው መውደቅ ይመጣል። ለሐኪማቸውም ለንስሐ አባታቸውም እንዲነግሩ አልኳቸው።

«ተልባውንስ ልተወው?» አሉኝ።

አይተዉት። ተልባ ዝልግልግ ነው፣ ከስንዴ ገለባ ይልቅ ለብስጩ አንጀት ይስማማል። ብቻ ሌላ መድኃኒት እንዳይዝባቸው ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ፣ ማታ ማታ ይሁን፣ በብዙ ውሃ ይበጥበጥ።

«እሱን እንኳ ባትነግረኝም አልተውም ነበር» ብለው ሄዱ።